የደን ሥራ ሙያ ነው
የደን ሠራተኛን በአቅራቢያ ኮሌጅና በችግኝ ጣቢያ ስለ ማሠልጠን

ለጉንደ ወይንና ለአካባቢው ገበሬዎች፣ ለልማት ሠራተኞች፣ ለኮሌጅ መምህራንና ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በጎጃም ደጋ ዛፍ መትከል እንግዳ ነገር አይደለም። ከጉንደ ወይን ከተማ ወጥቶ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተዘዋወረ ሰው በየጓሮው፣ በየእርሻው ዳርና በየመንገዱ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ ያያል። ይህ ዛፍ ወደ ሀገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ ለደጋው ገበሬ ቤት መሥሪያው፣ ማገዶውና በችግር ጊዜ ሸጦ ገንዘብ የሚያገኝበት ጥሪቱ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ዛፍ የሚተክለው ሰው ብዙ ሆኖ ሳለ፣ የዛፍን ሥራ እንደ ሙያ የተማረው ጥቂት ነው። አናጺው ከጌታው ሥር ሆኖ ይማራል፤ ሾፌሩ ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ ያገኛል። ዘር የሚለቅመው፣ ችግኝ የሚያፈላው፣ ጉቶ የሚያሳሳውና ዛፍ የሚጥለው ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ከጎኑ ያለውን በማየት ነው። ያ ሰው ተሳስቶ እንደሆነ ስሕተቱም አብሮ ይወረሳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የደን ሠራተኛ ማወቅ የሚገባውን ሙያ ለይቶ ማሳየት፣ ይህም ሙያ ለገበሬው ቅርብ በሆነ ኮሌጅና ችግኝ ጣቢያ እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

2. ችግኝ በዝቶ ዛፍ የሚያንስበት ምክንያት

ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ በገበሬ ማኅበራት አማካይነት፣ በአብዛኛውም በምግብ ለሥራ ፕሮግራም፣ በየተራራው እጅግ ብዙ ችግኝ ተተክሎ ነበር። ከዚያ ተክል ብዙው በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጥ ጊዜ ተቆርጧል። ሕዝቡ ደኑን የራሱ ንብረት አድርጎ አለማየቱ አንዱ ትልቅ ምክንያት ነበር። ደኑን እያሳሳ፣ እየገረዘና እየሸጠ የሚተዳደርበት ሙያተኛ በየቀበሌው ቢኖር ኖሮ፣ ደኑ ተቆርቋሪ ባላጣም ነበር።

በቅርቡ ደግሞ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ይህን ያህል ጉልበት ማንቀሳቀስ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን በሐምሌ የተተከለ ችግኝ እውነተኛ ቁጥሩ የሚታወቀው በጋውን አልፎ በግንቦት ሲቆጠር ነው።

ለምሳሌ አንድ ቀበሌ 10,000 ችግኝ ተከለ እንበል። ግማሹ ቢጸድቅ 5,000 ዛፍ ይኖረዋል። ከመቶ 80 ቢጸድቅ ደግሞ 8,000 ይኖረዋል። የመሬቱ ስፋት፣ የጉድጓዱ ብዛትና የወጣው የሰው ጉልበት በሁለቱም አንድ ነው። የ3,000 ዛፍ ልዩነት የሚመጣው በአብዛኛው ችግኙን ካፈላው፣ ካጓጓዘው፣ ከተከለውና ከተንከባከበው እጅ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው በችግኝ ተከላ ላይ በየዓመቱ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ትምህርቱ ስለ ሰብል ነው። ሥራ በጀመረበት ዓመት ከአንድ የተከላ ቡድን ጋር ወጥቶ ችግኞች ከነፕላስቲካቸው ሲቀበሩ አይቶ ምንም ሳይናገር አልፏል፤ ጉዳቱን አያውቅም ነበርና። በዓመቱ የደረቁት ሲነቀሉ ሥራቸው በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ተገኘ። ምክንያቱን ያስረዳችው አንዲት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበረች። እርስዋ ሙያውን በረጅም ጊዜ ልምድ አግኝታዋለች፤ በተከላው ቀን ግን ማንም አልጠየቃትም።

3. የደን ሠራተኛ ማወቅ የሚገባው ሥራ

ሀ. ዘር መሰብሰብ። ዘር የሚለቀመው ቀጥ ካለ፣ ጤናማና ጥሩ እድገት ካለው እናት ዛፍ ነው። ለመልቀም የሚመቸው አጭርና ጠማማ ዛፍ ስለሆነ፣ ያልሠለጠነ ሠራተኛ ዘሩን የሚያመጣው ከዚያ ነው፤ ልጁም እንደ እናቱ ይጣመማል። ቢያንስ ከ20 እናት ዛፎች፣ እነርሱም 50 ሜትር ያህል ከተራራቁ፣ ዘር ቢለቀም መልካም ነው። ለሀበሻ ጥድ፣ ለወይራ፣ ለዝግባና ለኮሶ በአካባቢያችን ጥሩ እናት ዛፍ የሚገኘው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ነው። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዶ ከዚያ መልቀም ይቻላል።

ለ. ችግኝ ማፍላት። ለፕላስቲክ ቱቦ የሚሆን አፈር በተለምዶ የሚዘጋጀው 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የጫካ አፈር ወይም ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ በመቀላቀል ነው። ከቱቦው ግርጌ አልፎ ወደ መደቡ የገባ ሥር በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ሊቆረጥ ይገባል። አለዚያ ችግኙ ሲነሣ ዋናው ሥር መሬት ውስጥ ይቀራል። ከተከላ በፊት ባሉት ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ጥላውን ቀስ በቀስ ማንሣትና ውኃውን መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ ያልተደረገለት ችግኝ በመደቡ ላይ ለምልሞ ይታይና በተራራው ላይ ይደርቃል።

ሐ. መትከል። ጉድጓዱ ከዝናብ በፊት ይቆፈራል። ችግኙ ግንዱን ሳይሆን ቱቦውን በመያዝ ይነሣል፤ ፕላስቲኩ በምላጭ ተቀድዶ ይወጣል። ሥርና ግንድ የሚገናኙበት አንገት ከአፈሩ እኩል ይሆናል፤ ዙሪያውም በእግር ይጠቀጠቃል። በ2.5 ሜትር በ2.5 ሜትር ርቀት ሲተከል በሄክታር 1,600 ችግኝ ይገባል፤ በ1 ሜትር በ1 ሜትር ከሆነ ግን 10,000 ይገባል። የቀጠነ አጣናና ማገር ለሚፈልግ ሰው መጠጋጋት ይጠቅመዋል፤ ጣውላ ለሚፈልግ ግን ይጎዳዋል። ስለዚህ ሠራተኛው አስቀድሞ ባለቤቱን «ዛፉን ለምን ይፈልጉታል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

መ. ጉቶ መንከባከብ። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ በአግባቡ ከተያዘ ለበርካታ ዙር ያገለግላል። ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውኃ እንዳያቁር አዘንብሎና በስለታም መጋዝ መቆረጥ አለበት። በደነዘ ምሳር ተደብድቦ ልጡ የተላቀቀ ጉቶ ያቆጠቆጠው በነፋስ ይገነጠላል። የቡቃያው ብዛት ሲታይ ሁሉንም መተው ያጓጓል። ይሁን እንጂ ከየጉቶው ጠንካራና ቀጥ ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ተመርጠው ሌላው መነሣት አለበት።

ሠ. ዛፍ መጣል። ይህ ከሁሉ አደገኛው ሥራ ነው። ቆራጩ በመጀመሪያ የግንዱን ዝንባሌ፣ የነፋሱን አቅጣጫና የቅርንጫፉን ክብደት ይመለከታል። ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሚሆን ርቀት ውስጥ ማንም ሰው ወይም ከብት እንዳይኖር ያደርጋል። ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን የሚሸሽበትን መንገድ ይጠርጋል። ከዚያ በሚወድቅበት በኩል የግንዱን ውፍረት ሩብ ያህል ገብቶ አፍ ይከፍታል። በመጨረሻም ከጀርባው ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆርጣል፤ ነገር ግን የውፍረቱን አንድ አሥረኛ ያህል ሳይቆረጥ ያስቀራል። ይህ የቀረው እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደ ተፈለገው ቦታ ይመራዋል። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ዛፍ አፉ 7 ሳንቲ ሜትር፣ ማጠፊያው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ማጠፊያውን ጭምር የቆረጠ ሰው ዛፉ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሊወስን አይችልም።

ረ. መለካት። ብዙ ገበሬ ዛፉን በቁሙ ይሸጣል፤ ዋጋውን የሚገምተው ግን ነጋዴው ነው። መለካት የሚያውቅ ሠራተኛ በቀበሌው ቢኖር ይህ ይለወጣል። የግንዱ ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ በገመድ ይለካል። ዙሪያው 47 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለ3.14 ሲካፈል የግንዱ ስፋት 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የዚህ ግንድ አግድም ቁራጭ ስፋቱ 0.0177 ካሬ ሜትር ነው። የዛፉ ቁመት 12 ሜትር ቢሆን፣ 0.0177 በ12 ተባዝቶ 0.212 ይመጣል። ዛፍ ወደ ጫፉ ስለሚቀጥን ይህ ቁጥር በ0.45 ይባዛል፤ ውጤቱም 0.095 ሜትር ኩብ ይሆናል። እንዲህ ያለ 100 ዛፍ ያለው ገበሬ 9.5 ሜትር ኩብ ያህል እንጨት እንዳለው አውቆ ከነጋዴው ጋር ይነጋገራል።

4. በሀገራችን የደን ትምህርት እስከ ዛሬ የሄደበት መንገድ

በሀገራችን በደን ሙያ ስመ ጥር የሆነው የወንዶ ገነት ተቋም በ1970 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ ተቋቋመ። መጀመሪያ የሰጠው ትምህርት የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ነበር፤ ተመራቂዎቹም በመስክ ሥራን የሚመሩ መካከለኛ ባለሙያዎች ነበሩ። ተቋሙ ከጊዜ በኋላ እያደገ ሄዶ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ እስከ ከፍተኛ ዲግሪ ያስተምራል። ይህ ለሀገሪቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ መጋዝና ችግኝ የሚይዘውን ሠራተኛ የማሠልጠኑ ሥራ በዚያው መጠን አልተስፋፋም።

ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ በሀገሪቱ 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተቋቁመው እጅግ ብዙ የልማት ሠራተኞችን አስመርቀዋል። ከእነዚህም መካከል በክልላችን የቡሬና የወረታ ኮሌጆች ይገኛሉ። በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች፣ ይኸውም በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት፣ እንዲመደቡ ታስቦ ነበር የተጀመረው። የተፈጥሮ ሀብቱ ባለሙያ እርከን ያሠራል፣ ተፋሰስ ያቅዳል፣ ችግኝ ያከፋፍላል፣ ስብሰባ ይመራል፣ ሪፖርት ይጽፋል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ይዞ የየገበሬውን ጉቶ ሊያሳሳ ወይም መጋዝ ሊስል አይችልም። ሥራውም ማስተማርና ማስተባበር እንጂ በገበሬው ምትክ መሥራት አይደለም።

እንግዲህ ከላይ ተመራማሪና ዲግሪ ያለው ባለሙያ፣ ከመካከል የልማት ሠራተኛ አለ። ከታች ግን ሥራውን በእጁ የሚሠራው ያልሠለጠነ ነው። ሕንፃ መሐንዲስና ፎርማን ኖሮት ግንበኛ ቢያጣ እንደማይቆም ሁሉ፣ ደንም በዚህ ዓይነት ሊለማ አይችልም።

የዚህን ጉድለት ክብደት ከአዊ መማር ይቻላል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር በመትከል፣ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ በመካከሉ በመዝራት፣ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነውም ከሰል በማክሰል ሰፊ ገቢ አግኝተዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የዝገት በሽታ ገብቶ በተክሉ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። በሽታን ከሁሉ በፊት ለማየት የሚችለው በየቀኑ ችግኙ አጠገብ የሚውለው ሰው ነው። የበሽታን ምልክት ለይቶ የታመመውን መደብ እንዲያስወግድ፣ ለምርምር ማዕከልም እንዲያስታውቅ ካልተማረ ግን በሽታውን ከችግኙ ጋር አብሮ ያከፋፍለዋል።

5. ሥልጠናው እንዴት ቢዘጋጅ ይሻላል

በጀርመን ሀገር የደን ሠራተኛ ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ሦስት ዓመት ይማራል። ጊዜውን የሚያሳልፈው ከፊሉን በትምህርት ቤት፣ ከፊሉን በደን ውስጥ ከሠለጠነ ሠራተኛ ጋር ነው፤ መጨረሻም ተፈትኖ የሙያ ወረቀት ያገኛል። የእኛም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የተዘረጋው በዚሁ ሐሳብ ነው። ትምህርቱ በደረጃ ተከፍሏል፤ አብዛኛው ጊዜ በተግባር ልምምድ እንዲያልፍ ይፈለጋል፤ የሠለጠነውም በብቃት ምዘና ይፈተናል። ስለዚህ አዲስ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልግም፤ ያለውን ለደን ሠራተኛ ማዋል ነው።

የጉንደ ወይን ልጅ ከቤቱ ርቆ፣ ቤት ተከራይቶና ስንቅ ቋጥሮ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ ማድረግ ለቤተሰቡ ከባድ ነው። ኮሌጁ ንድፈ ሐሳቡንና የመጋዝ አያያዙን በጥቂት ሳምንታት ዙር ቢሰጥ፣ የቀረው ልምምድ በወረዳው ችግኝ ጣቢያና በገበሬው ደን ቢካሄድ ይመረጣል። ሥልጠናው የዛፉን ዓመት ተከትሎ እንደሚከተለው ሊከፈል ይችላል፦

ጥቅምትና ኅዳር፦ እናት ዛፍ መምረጥ፣ ዘር ማዘጋጀት፤ እንደ ጥድና ወይራ ያሉትን ቀስ ብለው የሚያድጉ ዛፎች ዘር መዝራት።

ታኅሣሥና ጥር፦ አፈር መቀላቀል፣ ቱቦ መሙላት፣ መደብ መሥራት፤ የባሕር ዛፍ ዘር መዝራት።

የካቲትና መጋቢት፦ ችግኝ ወደ ቱቦ ማዛወር፤ ዛፍ መለካት፣ መጣልና ጉቶ ማስተካከል።

ሚያዝያና ግንቦት፦ ሥር መቁረጥ፣ ጉድጓድ መቆፈር፤ ያለፈውን ዓመት ችግኝ መቁጠር።

ሰኔ፦ ችግኝን ማጠንከር፣ መምረጥና ለጉዞ ማዘጋጀት።

ሐምሌና ነሐሴ፦ መትከል።

መስከረም፦ ማረም፣ ማጠር፣ የሞተውን መመዝገብ።

በዚህ ዓይነት የሠለጠነ ወጣት አንድ ችግኝ ከዘሩ እስከ ተከላው ያለፈበትን ሁሉ በእጁ ሠርቶ ያያል። ምዘናውም በወረቀት ብቻ መሆን የለበትም። ተመዛኙ 100 ችግኝ ተክሎ፣ በጋውን አሳልፎ ስንቱ እንደ ጸደቀለት ቢታይ ከጽሑፍ ፈተና ይልቅ ሙያውን ይመሰክርለታል።

ወደ ሥልጠናው የሚገቡት የትምህርት ቤት ልጆች ብቻ መሆን የለባቸውም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ አንድ ሰው ሙያውን በየትም ይማረው፣ ብቃቱ ተመዝኖ እንዲታወቅለት ይፈቅዳል። በመሆኑም ለብዙ ዓመታት በችግኝ ጣቢያ የሠሩ ሴቶችና በጣውላ ሥራ የቆዩ አዛውንቶች ተመዝነው ወረቀታቸውን ሊያገኙ፣ አልፎም የወጣቶቹ የተግባር አስተማሪዎች ሊሆኑ ይገባል። ችግኝ ጣቢያ በአብዛኛው በሴቶች ጉልበት የቆመ ስለሆነ ሥልጠናው እነርሱን ካላስቀደመ ከመነሻው ይጎድላል።

6. አሁን ሊጀመር የሚችለው

ሙሉው ሥልጠና እስኪዘጋጅ መቀመጥ አያስፈልግም። በቀበሌ ደረጃ የሚከተሉትን ማድረግ ይቻላል።

ሀ. ከተከላ ቡድኖች በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ልምድ ያለው የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ይመደብ። የእርሱ ወይም የእርስዋ ሥራ መትከል ሳይሆን፣ የሚተክሉትን መቆጣጠርና ማረም ይሁን።

ለ. በየተከላው ቦታ 100 ችግኝ በካስማ ይከለል። በጥቅምትና በግንቦት ተቆጥሮ በመዝገብ ይጻፍ። የሞተውም የሞተበት ምክንያት፣ ማለት ከብት፣ ምስጥ፣ ድርቅ ወይም የሥር መጠቅለል፣ ይመዝገብ።

ሐ. ለተከላ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ከፊሉ በተከላው ቀን፣ ከፊሉ ከግንቦቱ ቆጠራ በኋላ ይከፈል። ያን ጊዜ የሠራተኛው ጥቅም ከችግኙ ሕይወት ጋር ይተሳሰራል።

መ. ወጣቶች በማኅበር ሲደራጁ ጥሩ መጋዝ፣ የመጋዝ ሞረድ፣ የራስ ቆብና ጠንካራ ጫማ በጋራ ይግዙ። ጉቶ የማሳሳት፣ ዛፍ የመለካትና የመጣል አገልግሎት በክፍያ ለገበሬው ይስጡ። የእርሻ መሬት ለወጣቱ እየጠበበ በሄደበት በዚህ ጊዜ፣ ይህ መሬት ሳይጠይቅ የሚያኖር ሥራ ነው።

ሠ. ገበሬውም ዛፉን ከመሸጡ በፊት አስለክቶ ይወቅ፤ ቆራጩ ጉቶውን አስተካክሎ እንዲተውለት በሽያጩ ውል ውስጥ ያስገባ። የተበላሸ ጉቶ የሚቀጥለውን ዙር ገቢ ይዞ ይሄዳልና።

7. ማጠቃለያ

ችግኝ የሚቆጠረው በተከላው ቀን ሳይሆን በጋውን ካለፈ በኋላ ነው። ለዚህ የሚያበቃው ደግሞ ዘር መምረጥ፣ ሥር መቁረጥ፣ በአግባቡ መትከል፣ ጉቶ ማሳሳት፣ ዛፍ በደኅና መጣልና መለካት የሚችል ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ይሠለጥን ዘንድ ኮሌጁ ወደ ደኑ መቅረብ፣ ችግኝ ጣቢያው እንደ ትምህርት ቤት መታየት፣ የቆዩ ሠራተኞች ልምድም መከበር ይኖርበታል። በመጪው ጥቅምት አንድ ቀበሌ ሁለት ወጣቶችን መርጦ ከአንዲት ልምድ ካላት የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ጋር ዘር ለመልቀም ቢያሰማራ ሥልጠናው ተጀመረ ማለት ነው።